የወደዱትን ቃል መውሰድ ስርቆት ይሆናልን?

የሰው በግ የሰረቀ ባለቤቱን በግ ያሳጣዋል። የሰው ቃል የወሰደ ግን ባለቤቱን ምን አሳጣው? መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ፣ ቃሉም በገጹ ላይ እንደነበረ ነው። ወሳጁ ደግሞ ተቀናቃኝ ሳይሆን ወዳጅ፣ ነጋዴ ሳይሆን ያለ አንዳች ክፍያ ሌሊቱን የሚለፋ አፍቃሪ ቢሆንስ? «መጽሐፉን ስለወደድኩት ለሰው ሁሉ እንዲዳረስ ብዬ ገለበጥኩት» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ብዙዎቻችን ወይ «ሐራም ነው» ብለን እንዘጋዋለን፤ ወይ «ምን ችግር አለው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም የችኮላ መልሶች ናቸው።

ጥያቄውን ያነሳሁት በየቤታችን የገባ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ዊኪ የሚባለው ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ የሚያርምበትና የሚጨምርበት የጋራ መዝገብ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ አንድን ልብ ወለድ፣ አንድን ፊልም ወይም አንድን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ለዚያ ነገር ብቻ የሚሆን የራሳቸውን ዊኪ ማቋቋም ጀመሩ። የስታር ትሬክ ድራማ ወዳጆች በ2003 ሜሞሪ አልፋን፣ የስታር ዋርስ ፊልም ወዳጆች በ2005 ዉኪፒዲያን ከፈቱ። በእነዚህ መዛግብት ውስጥ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ፣ እያንዳንዱ ከተማ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መጣጥፍ አለው። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ልጆቻችን ስለሚወዱት ጨዋታ ወይም ፊልም በስልካቸው ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ የመጣ ነው። ልጁ የሚያነበው ቃል የጨዋታው ሠሪ ይሁን፣ የአንድ ጋዜጠኛ ይሁን፣ ስሙ የማይታወቅ ወዳጅ ይሁን አያውቅም። ያ ቃል ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም አይታየውም።

በዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ክርክሮች ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው በ2008 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የታየው ነው። ስቲቭ ቫንደር አርክ በሚሺጋን ግዛት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። የጄ. ኬ. ሮውሊንግን የሃሪ ፖተር መጻሕፍት እጅግ ይወድ ስለነበር፣ በውስጣቸው የሚገኘውን ስም፣ ቦታና ቁሳቁስ ሁሉ የሚዘረዝር መዝገብ አዘጋጅቶ በ2000 በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፈተ። (ጥንቆላ የሞላባቸውን እነዚህን መጻሕፍት ለልጁ የማይፈቅድ አንባቢ ይኖራል፤ አልነቅፈውም። እዚህ የያዝነው ግን የመጻሕፍቱን ይዘት ሳይሆን የቃላቸውን ባለቤትነት ነው።) ደራሲዋ ራሷ በ2004 መዝገቡን በይፋ አመስግናለች፤ እየጻፈች አንድ ነገር ሲጠፋት ከፍታ እንደምታይበትም ተናግራለች።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስተኛ ነበር። በ2007 ግን አንድ አነስተኛ አሳታሚ መዝገቡን በመጽሐፍ መልክ አትሞ ሊሸጠው ተነሣ። ረቂቁ ከ400 ገጽ በላይ ሲሆን 2,437 ርዕሶችን ይዟል። ደራሲዋና ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ አሳታሚውን ከሰሱ። ቫንደር አርክ ለምስክርነት ችሎት ላይ ቀርቦ አለቀሰ። ሰውየው ሌባ ለመሆን አስቦ አያውቅም፤ የሕይወቱን ስምንት ዓመት ለዚያ ሥራ ሰጥቷል።

ዳኛው ሮበርት ፓተርሰን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 የሰጡት ውሳኔ ሁለት ፊት ያለው ነው። በአንድ በኩል፣ ስለ አንድ ድርሰት ማውጫ ወይም መመሪያ እንዳይጻፍ ደራሲው ሊከለክል አይችልም አሉ። መዝገቡ ለሌላ ዓላማ፣ ማለትም አንባቢን ለመምራት የተዘጋጀ መሆኑንም ተቀበሉ። በሌላ በኩል፣ ይህ ረቂቅ ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ የደራሲዋን ቃል ወስዷል ብለው እንዳይታተም አገዱ። ካሳው ግን ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው፣ በጠቅላላው 6,750 ዶላር ብቻ ነበር።

የኔን ዓይን የሳበው የገንዘቡ መጠን አይደለም። ዳኛው በውሳኔያቸው ውስጥ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ረቂቁ አልፎ አልፎ የጥቅስ ምልክት ቢጠቀምም፣ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲዋን ቃል ያለ ምልክት ስለሚቀዳ የትኛው ቃል የሷ፣ የትኛው የሱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ልብ በሉ! መጽሐፉ ከሽፋኑ ጀምሮ ስለ ሃሪ ፖተር መሆኑን ይናገራል፤ ምንጩን የሚደብቅ ሰው የለም። ሆኖም ድንበሩ ጠፍቷል።

ይህ ነገር ኪታብ ለቀራ ሰው አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዑለማዎቻችን «ሙድረጅ» የሚሉት አንድ የችግር ዓይነት አለ። ዘጋቢው የራሱን ማብራሪያ ወይም ምክር ከሐዲሱ ቃል ጋር ያያይዘዋል፤ ከሱ በኋላ የሰማው ሰው ሁለቱን ሳይለይ እንዳለ ያስተላልፈዋል። የሚታወቀው ምሳሌ ውዱእን አሟልቶ ስለማድረግ በመጣ አንድ ዘገባ ውስጥ የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የራሳቸው ምክር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግር ጋር ተቀላቅሎ መነገሩ ነው። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ እንዲያውም ትክክል ነው። ዑለማዎቹ ግን «ትክክል ከሆነ ምን አለበት» ብለው አላለፉትም። ይህ የዚህ ቃል ነው፣ ያ የዚያ ቃል ነው ብለው ለዩት። አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (በ463 ዓ.ሂ. የሞቱት) ለዚህ ርዕስ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሰዋል።

ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው የጥቅስ ምልክት አልነበረም። ጸሐፊዎቹ የሌላውን ሰው ንግግር «ቃለ» ብለው ይከፍቱና ሲጨርሱ «ኢንተሃ»፣ ማለትም «አበቃ» ብለው ይዘጉት ነበር፤ በአጭሩ አሊፍና ሃ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ የሚያስቀምጡም አሉ። በሸርሕ ኪታቦች የእጅ ጽሑፍ ላይ መትኑ በቀይ ቀለም ሲጻፍ ወይም ከላዩ መስመር ሲሰመርበት ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። መክፈት ቀላል ነው፤ «እገሌ እንዳለው» ማለት ማንንም አይከብድም። የሚከብደው መዝጋቱ ነው። ምክንያቱም ስትዘጋ ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው፣ ስሕተቱም የኔ ነው ማለትህ ነው። በአማርኛችን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «አለ» ወይም «ብሏል» የሚለው ቃል ከንግግሩ በኋላ ስለሚመጣ መጨረሻው ይታወቃል፤ መጀመሪያው ነው የሚድበሰበሰው። በዛሬው ዊኪ ላይ ደግሞ በአንቀጹ መጨረሻ አንዲት የግርጌ ቁጥር ትቀመጣለች። ከአንቀጹ ውስጥ የተወሰደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን ሁሉም ይሁን፣ ቃሉ ይሁን ሐሳቡ፣ ቁጥሯ አትናገርም።

እንግዲህ የተበደለው ማን ነው? ስለ ባለቤቱ መብት ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1988 ኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነና ሊጣስ እንደማይገባ ወስኗል። የሀገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ደግሞ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ግን ልኩን እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲነገር ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት በዋናነት ስለ ባለቤቱ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምንረሳው ሁለተኛው ባለ ዕዳ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እሱም አንባቢው ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በደቡብ አሜሪካ የሚኖር ኮአቲ የሚባል እንስሳ አለ። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ለቀልድ ያህል በዊኪፒዲያ መጣጥፉ ላይ ይህ እንስሳ «የብራዚል አርድቫርክ» ተብሎም ይጠራል ብሎ ጨመረ። አርድቫርክ የአፍሪካ እንስሳ ነው፤ ከኮአቲ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጋዜጦች ስሙን ከየት እንዳገኙት ሳይናገሩ ቀዱት፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በወጣ መጽሐፍም ገባ። ቆየት ብሎ መጣጥፉ ላይ ማስረጃ ሲፈለግ ከእነዚያው ጋዜጦች አንዱ ተጠቀሰ! ኒው ዮርከር መጽሔት በ2014 ጉዳዩን እስኪዘግብ ድረስ አንድ ቀልድ በብዙ ምስክሮች የተረጋገጠ እውነት መስሎ ቆየ። ከጋዜጠኞቹ አንዱ «ከዊኪፒዲያ ያገኘሁት ነው» የምትል አጭር ሐረግ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ሰንሰለቱ እዚያው ላይ በታየ ነበር። ምንጩን ሳይናገር የቀዳ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው፤ አንዱን ምስክር ሁለት፣ ሁለቱን አራት ያስመስላል። ዳኛ ፊት አንድ ሰው ልብሱን እየቀያየረ አራት ጊዜ ቢመሰክር ምን እንለዋለን? ምስክርነቱ እውነት ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ውሸት ነው።

አሁን ወደ አፍቃሪው ጸሐፊ እንመለስ፤ እሱም የራሱ ክርክር አለውና በቅንነት ልንሰማው ይገባል። «ስለ አንድ ወንዝ ብጽፍ ወንዙ በዓለም ላይ አለ፤ ሄጄ አይቼ በራሴ ቃል ልገልጸው እችላለሁ። ደራሲ የፈጠረው እንስሳ ግን ከደራሲው ቃል ውጭ የትም የለም። ዓይኑ ቢጫ ነው ካለች ቢጫ ነው፤ ወርቃማ ብል ዋሸሁ። ታማኝ ለመሆን ቃሏን መውሰድ አለብኝ፤ ቃሏን ስወስድ ደግሞ ሌባ ትሉኛላችሁ» ይላል። ይህ ከባድ ነጥብ ነው። በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ እውነታው የማንም አይደለም፤ አገላለጹ ብቻ ነው የሰው። በልብ ወለድ ግን እውነታው ራሱ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። በኒው ዮርኩ ችሎትም ዳኛው በጣም የከበዳቸው፣ ደራሲዋ ራሷ በመዝገብ መልክ ከጻፈቻቸው ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት የተወሰደው ነበር፤ መዝገብን ወስዶ መልሶ መዝገብ ማድረግ ምን አዲስ ነገር ጨመረ?

ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ከሁሉ የከፋው ነው። ዓረፍተ ነገሩን ይወስዱና «ትልቅ» የሚለውን «ግዙፍ»፣ «ሄደ» የሚለውን «ተጓዘ» እያሉ ይቀያይሩታል። ይህ ሁለት ጥፋት ነው። ቃሉ የባለቤቱ እንዳልሆነ ያስመስላል፤ ትርጉሙንም ያበላሻል። በግልጽ የቀዳ ሰው ቢያንስ ቃሉን አላጣመመም። ሐዲስን በትርጉሙ ማስተላለፍ የፈቀዱት ዑለማዎች እንኳ ትርጉሙን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ብቻ ነው የፈቀዱት፤ ጥንቁቆቹ ዘጋቢዎችም በመጨረሻው ላይ «ወይም እንዳሉት» የሚል ማስጠንቀቂያ ያክሉበት ነበር።

ለአፍቃሪው የምመልስለት ይህን ነው። ቢጫውን ዓይን ቢጫ በል፤ አንዲት ቃል መረጃ ናት፣ ማንም አይከስህም። ስለ እንስሳው የተነገረው በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ተበታትኖ ከሆነ ሰብስበህ በራስህ አንደበት ተናገር፤ ድካምህ እሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ፣ አነጋገሩ ራሱ የሚያስደንቅ ከሆነ ደግሞ አትንካው፤ አጭር አድርገህ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባው፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆነም ተናገር፣ ከዚያም ለምን እንደጠቀስከው የራስህን ጨምር። የራስህ የምትጨምረው ነገር ከሌለህ ጥቅሱ ምን ያደርግልሃል? አንባቢው ወደ መጽሐፉ ይሂድ። ይህ የማይቻል እንዳልሆነ ቫንደር አርክ ራሱ አሳይቷል። ይግባኙ ቀርቶ መጽሐፉን እንደገና አዘጋጀው፤ የተቀዳውን ቀንሶ የራሱን አስተያየት ጨመረ፤ በጃኑዋሪ 2009 ታትሞ ወጣ።

«ፈቃድ ካለኝስ?» የሚል ይኖራል። ዊኪፒዲያም ሆነ አብዛኞቹ የወዳጆች ዊኪዎች ጽሑፋቸውን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይለቃሉ፤ ማንም ሊወስደው፣ ሊሸጠው ጭምር ይችላል፤ ግዴታው የጸሐፊዎቹን ድርሻ መግለጽና ያንኑ ፈቃድ ሳይለውጡ ማስተላለፍ ነው። ምንጩን ሳይጠቅስ የሚወስድ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ነፃ የተባለውን ነገር ባለቤት የሌለው አድርጎ ስለሚያየው። ዊኪፒዲያ ውስጥ እንኳ ከአንዱ መጣጥፍ ወደ ሌላው አንቀጽ የሚያሻግር ሰው ከየት እንዳመጣው በለውጡ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ድርሻ እንዳይጠፋ።

የመብቱ ዘመን ያለፈበትስ? የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በ1911 ከወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ብዙ መጣጥፎችን ወስዷል። ከልካይ የለም፤ ባለ መብት የለም። ሆኖም ከመጣጥፉ ግርጌ ከዚያ እትም የተወሰደ ጽሑፍ እንዳለበት የሚገልጽ ማስታወሻ ያስቀምጣል። ያ እትም የቅኝ ግዛት ዘመን መጽሐፍ ነው። ስለ አፍሪካና ስለ እስያ ሕዝቦች በዚያ ዘመን ዓይን የተጻፈ ብዙ ነገር አለበት፤ ዲናችንን እንኳ «መሐመዳዊ ሃይማኖት» በሚል ርዕስ ነው ያቀረበው። የዛሬ አንባቢ ከዚያ የመጣን ዓረፍተ ነገር ምልክት ሳይደረግበት ቢያነበው የዛሬ ዕውቀት አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ፈቃድ ማግኘት የባለቤቱን ዕዳ ይከፍላል እንጂ የአንባቢውን አይከፍልም። ለአንባቢው ያለብን ዕዳ የሚከፈለው በመናገር ብቻ ነው።

ይህን ስል ከነገሩ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጽሑፍ ስዘጋጅ ከተለያዩ መጻሕፍት በደብተሬ ላይ እየቀዳሁ ነበር። ችኮላ ነበረብኝና ምልክት አላደረግሁም። ከወራት በኋላ ደብተሩን ስገልጥ አንዲት በጣም ያማረች ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። የራሴ መሰለችኝ፤ እንዲያውም በልቤ ኮራሁባት። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንድ ወዳጄ መጽሐፉን ይዞልኝ መጣና ገጹን ገልጦ አሳየኝ። ምንም አልተናገረም። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሌባው የደብተሬ ገጽ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሐፊዙ አስ-ሱዩጢ (በ911 ዓ.ሂ. የሞቱት) ሥራዬን ወሰደብኝ ባሉት ሰው ላይ ደራሲን ከሌባ ስለሚለየው ነገር ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፈዋል፤ የዘመናቸው ዓሊም አስ-ሰኻዊ ደግሞ ያንኑ ክስ በራሳቸው በሱዩጢ ላይ አቅርበዋል። ታላላቆቹ ዘንድ እንኳ እንዲህ የተወሳሰበ ከነበረ እኛ በደብተራችን ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን።

ስለዚህ በወዳጆች ዊኪ ላይ ኃላፊነት ለያዙ ወጣቶች (አንዳንዶቻችሁ ይህን ጋዜጣ እንደምታነቡ አውቃለሁ) አንድ ነገር ልበል። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከመጽሐፉ ሁለት ገጽ ሙሉ ገልብጦ ቢያስገባ፣ ጽሑፉን አንሡት፤ ይቆይ አትበሉ። መዝገቡ አሮጌውን ገጽ ሁሉ ስለሚያስቀምጥ ከታሪኩም እንዲሰወር አድርጉ። ልጁን ግን ሌባ ብላችሁ አታባርሩት። እሱ የሠራው የወደደውን ነገር ለሌላ ማሳየት ነው፤ ያልተማረው ነገር ድንበሩን ነው። ለምን እንደተነሣ በሁለት መስመር ጻፉለት፤ ከዚያም ያንኑ ርዕስ ስጡትና መጽሐፉን ዘግቶ ከትዝታው በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠይቁት። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ደካማ ይሆናሉ፤ ሆሄያቱንም ታርሙለታላችሁ። ቀጥሎ መጽሐፉን ከፍቶ ስሞቹንና ምዕራፎቹን ያመሳክር።